ስንት ፈጀ?

ፋሲል ግቢን ማስጎብኘት ከጀመርኩ 11 ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት ያልተጠየቅሁት ጥያቄ ያለ አይመስለኝም ነበር። ድንጋዩ ከየት መጣ፣ ኖራው በምን ተቦካ፣ አንበሶቹ የት ይታሰሩ ነበር፣ ንጉሡ በየትኛው መስኮት ብቅ ብለው ሕዝቡን ያዩ ነበር፤ ይህን ሁሉ ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ እመልሳለሁ። ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ግን ከኬንያ፣ ከናኩሩ ከተማ የመጡ አንድ መምህር የዐፄ ፋሲልን ቤተ መንግሥት ዙሪያውን ዞሩ፣ አራቱን ማማዎች አንድ በአንድ ቆጠሩ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «ስንት ፈጀ?» አሉኝ።

«ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1628 ዓ.ም. ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ደግሞ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ዓመቱን አይደለም። ገንዘቡን ነው የምልህ።»

ዝም አልኩ። የሕንፃው ቁመት 32 ሜትር ያህል እንደሆነ፣ የግቢው ቅጥር 900 ሜትር እንደሚረዝም፣ 12 በሮች እንዳሉትና እያንዳንዱ በር የራሱ ስም እንዳለው አውቃለሁ። ዋጋውን ግን አላውቅም። እዚያ ግቢ ውስጥ የማውቀው ዋጋ የመግቢያ ቲኬቱን ብቻ ነው።

መምህሩ ፈገግ አሉ። «እኛ አገር ይህን የሚያህል ነገር ተሠርቶ ዋጋውን የማያውቅ ሊስትሮ አታገኝም። ዋጋውን ያውቃል፤ ከዋጋው ላይ ማን ስንት እንደበላም የራሱ ግምት አለው።»

ለቀልድ ያሉት ነገር ነበር። እኔ ግን ጎንደሬ ነኝ፤ የፋሲልን ግንብ ከናይሮቢ መንገድ ጋር አስተያይተውብኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ለሁለት ቀን ተኩል ያልበረደ ፉክክር የጀመርነው እዚያው የድንጋይ ደረጃ ላይ ነው።

ሰውዬው በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ወደዚህ ያመጣቸው ጥምቀት ብቻ አይደለም። ለሃያ ምናምን ዓመት በጠመኔ እየሣሉ ያስተማሩትን ጣናን በዓይናቸው ሳያዩ ጡረታ መውጣት አልፈለጉም። እንዲህ ያለ እንግዳ በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። ብዙው ሰው ፎቶውን አንሥቶ ይሄዳል።

የመጀመሪያውን ካርታ የመዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ኢትዮጵያዊ ከኬንያዊ ጋር ሲከራከር ሁልጊዜ የሚመዘውን። «በምን መጡ?» አልኋቸው። በእኛው አየር መንገድ እንደመጡ ልቦናዬ ያውቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው በ1938 ዓ.ም. ነው። የኬንያ አየር መንገድ የተመሠረተው ግን ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በጋራ ያንቀሳቅሱት የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ ሲፈርስ፣ በእኛ 1969 ዓ.ም. ነው። መምህሩ አልተከራከሩኝም። «በዚህስ እኔ ከመወለዴ በፊት ነው ያሸነፋችሁን» ብለው እጃቸውን ሰጡ። እንዲህ ቶሎ እጅ የሚሰጥ ሰው ሌላ ነገር ሸሽጓል ማለት እንደሆነ ወዲያው መጠርጠር ነበረብኝ።

ፒያሳ ስንደርስ አንድ አረንጓዴ ማስታወቂያ አይተው ቆሙ። «ይህ ደግሞ የእኛ ነው» አሉ፤ እንደ ዘመድ ቤት በጣታቸው እያመለከቱ። ሳፋሪኮም ነበር። ከዚያ በኋላ የጀመሩት ትምህርት ከፒያሳ እስከ ግቢው በር አልበቃውም። በስልክ ገንዘብ መላላክ ኬንያ ውስጥ በኤምፔሳ የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። እኛ ጋ ቴሌብር የመጣው በግንቦት 2013 ዓ.ም.፤ 14 ዓመት ዘግይቶ። «ግን አሁን ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አለው፤ ይህ ከአገራችሁ ሕዝብ ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ነው» ብዬ ተከላከልኩ። «ልጁ ቶሎ አደገ ማለት አባቱ አልዘገየም ማለት አይደለም» ብለው መለሱልኝ።

ያልነገርኳቸው ነገር ነበር። ኤምፔሳ ራሱ ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሎት የጀመረው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር እኛ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም እስኪቀረው ድረስ ሳይመለስ ቆየ። ስለዚህ አገሩ በስልክ መክፈል ሲለማመድ እኔ ብር በፌስታል ይዤ እዞር ነበር። ይህን ለእንግዳ አይነግሩትም። የቤትን ገበና ደጅ ላይ መዘርገፍ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ እኔም እንደ አስተዳደጌ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ባቡር አነሣን። ይህንንም ርእስ ያነሣሁት እኔው ነኝ፤ ባላነሣው ይሻለኝ ነበር።

ሁለቱ አገሮች አዲሱን ባቡራቸውን ያስመረቁት በአንድ የእኛ ዓመት ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ ጅቡቲው በመስከረም 2009 ዓ.ም.፣ የሞምባሳ ናይሮቢው በግንቦት 2009 ዓ.ም.። የእኛው 750 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የእነሱ 470 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የእኛው በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ የእነሱ በናፍጣ። ሁለቱንም የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ አብዛኛውን ገንዘብ ያበደረውም የቻይናው ኤግዚም ባንክ ነው። እኔ ይህን ሁሉ እንደ ጎል ቆጠርኩት፦ ቀደምን፣ ረዘምን፣ በኤሌክትሪክ ሄድን። ሦስት ለባዶ።

መምህሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ተሳፍረህበታል?»

አልተሳፈርኩበትም። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ባቡሩ የሚነሣው ከዚያ ወዲያ ነው። ወንድሞቼ አልተሳፈሩበትም፣ ጎረቤቶቼ አልተሳፈሩበትም፣ ሐዲዱን በዓይኑ ያየ ሰው ከሰፈራችን ቢፈለግ ሁለት ቢገኝ ነው። ለካ የምኮራበትን ባቡር የማውቀው በዜና ነው። መምህሩ ግን በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ቤተሰባቸውን ይዘው ከናይሮቢ ሞምባሳ ይወርዱበታል። ድሮ በአውቶቡስ ሌሊቱን ሙሉ የሚሄዱትን መንገድ አሁን በአምስት ሰዓት ገደማ ይጨርሱታል። ሐዲዱ ጻቮ በሚባለው የዱር እንስሳት ፓርክ ውስጥ ከፍ ባለ ድልድል ላይ ስለሚያልፍ ልጆቻቸው ዝሆን ለማየት መስኮቱን ይሻሙበታል። ስልካቸውን አውጥተው ፎቶውን አሳዩኝ። ዝሆኑ አውራ ጣት ያህላል፤ ግን ዝሆን ነው።

ተሸንፌ አንገቴን ልደፋ ስል ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። መምህሩ ባቡራቸውን ይረግሙት ጀመር።

327 ቢሊዮን ሽልንግ እንደፈጀ ነገሩኝ፤ ደመወዛቸውን እንደሚናገር ሰው፣ ሳያስቡ። ባቡሩ ሥራ እንዲያገኝ ከወደብ የሚነሣው ኮንቴይነር በግድ እንዲጫንበት ሲደረግ ስንት የሞምባሳ ሾፌር ያለ ሥራ እንደቀረ ነገሩኝ። መስመሩ ከናይሮቢ ወዲህ 120 ኪሎ ሜትር ተቀጥሎ፣ ወደ ኡጋንዳ ይደርሳል የተባለው፣ እሳቸው ከሚኖሩበት ከተማ እንኳ ሳይደርስ ናይቫሻ አጠገብ ሣር መሀል መቆሙን ነገሩኝ። ግዥው ሕግን ያልተከተለ ነበር ብሎ የአገሪቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሰኔ 2012 ዓ.ም. መወሰኑን ነገሩኝ። ባቡሩ ለሦስት ዓመት ያህል ሲሄድበት ከቆየ በኋላ መሆኑ ነው።

«ከውጭ በሚገባ ዕቃ ሁሉ ላይ የባቡር ልማት የሚባል ቀረጥ አለብን» አሉ። «ስለዚህ የሻይ ማንኪያ ስገዛ ከባቡሩ ላይ አንዲት ብሎን እየገዛሁ ነው። ብሎኗን የገዛሁ እኔ ስለሆንኩ ልሳደብ እችላለሁ።»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውን ተረት ተረጎምኩላቸው። ጤፍ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ምሳ ሰዓት እስኪደርስ መጠበቅ ነበረብኝ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን በሐቅ ልጻፈው። ቅናት ነው የተሰማኝ፤ ግን በአምስት ሰዓቱ ወይም በዝሆኑ አይደለም። የቀናሁት በማንኪያው ነው። እኛም እናማርራለን፤ የእኛ ምሬት ግን በግምት ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዞር ብሎ አይቶ። አንድ ሰው ስለ አገሩ ባቡር ዋጋ በቁጥር ሲያወራ ከሰማን የምንጠይቀው «ከየት አመጣኸው?» ብለን ነው። የጅቡቲው ባቡር ብድር መክፈያ ጊዜ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ወደ 30 ዓመት መራዘሙን እንደ ምሥራች ሰምተን አጨብጭበናል። ከዋናው ስንት እንደቀረ ግን ከአጨብጫቢዎቹ መካከል የጠየቀ ትዝ አይለኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

የኬንያውያኑ አጠያየቅ ደግሞ በነጻ የመጣ አይደለም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. አዲስ የታክስ ረቂቅ ሕግ ቀርቦ የመምህሩ የቀድሞ ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው ነበር። ረቂቁ ተሰረዘ፤ ሰውም ሞተ። ይህን ሲነግሩኝ ቀልዳቸውን ትተው ነበር።

(በነገራችን ላይ ሁለታችንም ስንከራከር ታንዛኒያን ረስተናት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከዳሬ ሰላም እስከ ዶዶማ በኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኛ ማመላለስ ጀመረች። ከሠሪዎቹ ዋነኛው የቱርክ ኩባንያ የእኛን የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ መስመር የሠራው ነው። የእኛው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ሐዲዱ ቢዘረጋም መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ጦርነት ደረሰበት። ይህን ስነግራቸው መምህሩ «እንግዲህ ሁለታችንም ዝም እንበል» አሉ።)

እውነቱን ለመናገር ከኬንያ ጋር መፎካከር ለጎንደሬ የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። የዘወትር ተፎካካሪያችን ባሕር ዳር ናት። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ሲመረቅ እኛ ሰፈር የነበረው ደስታ የአማች ሠርግ ዓይነት ነበር፤ ይጨፈራል፣ ግን ምግቡ ይተቻል። ከድንበር ማዶ ደግሞ የእኛ ጎረቤት ሱዳን ናት። ናይሮቢን ካርታ ላይ የምንፈልጋት ሰዎች ካርቱምን ከሾፌር አፍ እንሰማት ነበር።

አጎቴ ሾፌር ነበሩ። ኢትዮጵያ ከሱዳን ቤንዚን ታስመጣ በነበረበት ጊዜ ቦቴ ይዘው በመተማ በኩል ይመላለሱ ነበር። በመጡ ቁጥር የሚያወሩት ስለ ካርቱም ድልድዮች ነበር። «በሁለቱ ዓባዮች ላይ ድልድይ በድልድይ ነው፤ እናንተ እዚህ መገጭን ለመሻገር ወረፋ ትጠብቃላችሁ» ይሉን ነበር። ሱዳኖች በ2001 ዓ.ም. የመረዌን ግድብ ሲያስመርቁ አጎቴ ሳምንቱን ሙሉ ፊታቸው ጨፍግጎ ሰነበተ። ኋላ ደግሞ የኤሌክትሪክ መስመር ከእኛው ከጎንደር ተነሥቶ በሸኸዲና በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ ገባና ሱዳን ከእኛ መብራት መግዛት ጀመረች። ያን ጊዜ የአጎቴን ኩራት ማን ይቻለው! ገዳሪፍ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው አምፖሉን እያዩ «ይህ የእኛ ነው» ይሉ እንደነበር በኩራት ያወሩልን ነበር። መምህሩ ፒያሳ ላይ አረንጓዴውን ማስታወቂያ ሲያመለክቱ ትዝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ካርቱም ካርቱም አይደለችም። አጎቴ ይቀዱበት የነበረው የጄይሊ ነዳጅ ማጣሪያ ተቃጠለ። ካርቱም ባሕሪን ከኦምዱርማን የሚያገናኘው የሻምባት ድልድይ ፈረሰ። በመተማ የገባው ስደተኛ ኩመር ላይ ድንኳን ተተከለለት፤ እዚያም ዘራፊ አላስቀመጠውም። አጎቴ አንድ ቀን መንገድ ላይ ዐረብኛ የሚያወራ ሽማግሌ አግኝተው ቤት ይዘውት መጡ። ሁለቱ በተሰባበረ ቋንቋ ስለ ድልድዮቹ ሲያወሩ አመሹ፤ የትኛው የት እንደነበረ፣ በየትኛው ሥር ዓሣ ይጠበስ እንደነበረ። ከዚያ ወዲህ አጎቴ ስለ ካርቱም ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

መምህሩ ይህን ሰምተው ብዙ አልተናገሩም። ወደ ግቢው ተመልሰን በዐፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ፍራሽ አጠገብ ስናልፍ «ይህንስ ምን አፈረሰው?» አሉኝ። የመሬት መንቀጥቀጡን ነገርኳቸው፤ ቀጥዬም በ1933 እና በ1934 ዓ.ም. የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ጎንደር የመሸገውን የጣሊያን ጦር ሲደበድቡ ግቢው እንደተጎዳ ነገርኳቸው። ጄኔራል ናዚ ጎንደርን ያስረከበው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከአርበኞቻችን ጋር ቁልቋል በርን ሰብሮ የመጣው ጦር ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌዶች ነበሩ። በመጨረሻዋ ቀን ወደ ከተማዋ ከገሰገሱት የመጀመሪያዎቹ ደግሞ የኬንያ ጦር ብረት ለበስ መኪኖች ናቸው።

ይህን አያውቁም ነበር። ጂኦግራፊ እንጂ ታሪክ አላስተምርም ብለው ለማምለጥ ሞከሩ፤ ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው «ታዲያ ለምንድን ነው የመግቢያ ቲኬት ያስከፈላችሁኝ?» አሉ። ይህቺን ነጥብ ለእሳቸው ሰጥቻቸዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፋሲል መዋኛ ወረድን። ጥምቀት አልፎ ውሃው ገና አልጎደለም። ባሕረ ጥምቀቱ ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ እንደሚሞላ ስነግራቸው የመምህርነት መንፈሳቸው ተነሣባቸው። በስልካቸው ካርታ ላይ በጣታቸው ተከተሉት፦ ቀሃ ወደ መገጭ፣ መገጭ ወደ ጣና፣ ጣና ወደ ዓባይ፣ ዓባይ ወደ ጉባ። ከዚያ ጣታቸውን አንሥተው በስተ ደቡብ አሳረፉት። «ከዚያ ደግሞ እኔ ቤት» አሉ።

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቮልቴጅ አቅሙ 500 ኪሎ ቮልት፣ የማስተላለፍ አቅሙ 2,000 ሜጋ ዋት ነው። ኬንያ በዚህ መስመር ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ 200 ሜጋ ዋት ትገዛለች። ሱስዋ ከናኩሩ ሩቅ አይደለም። እኔ ጠንቃቃ ለመሆን ያህል፣ ሶዶ አጠገብ ያሉት የኦሞ ወንዝ የግልገል ጊቤ ግድቦች ስለሆኑ የቀሃ ውሃ የናኩሩን አምፖል ያበራል ለማለት እንደማያስደፍር አስረዳሁ። «ልክ ነህ፤ ለክፍል ግን የሚበቃ እውነት አለው» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ ቅናቱ ዞረ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ፣ 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋት፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀ። እነዚህን ቁጥሮች ከእኔ ቀድመው ነበር የሚጠሩት። የከነከናቸው ግን ሌላ ነው። «የውጭ አበዳሪ ሳይኖር እንዴት?» እያሉ ደጋግመው ጠየቁኝ። የአገር ውስጥ ባንክ ብድር ትልቁን ድርሻ እንደያዘ፣ ሕዝቡም ቦንድ እንደገዛ፣ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን እንደሰጠ ነገርኳቸው። አላመኑኝም። «በል የሰጠ ሰው አሳየኝ» አሉ።

ቤት ወሰድኳቸው። አባቴ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህር ናቸው። ሁለቱ መምህራን በእኔ አስተርጓሚነት ስለ ተማሪ ስንፍና ሲስማሙ አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ከዚያ አባቴ የቆርቆሮ ሣጥናቸውን ከፍተው የቦንድ ወረቀታቸውን አወጡ፤ ከጋብቻ ወረቀታቸውና ከቤቱ ካርታ ጋር ነው የሚያስቀምጡት። ኬንያዊው መነጽራቸውን አድርገው በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት። ሊያነቡት አይችሉም፤ ቢሆንም ከላይ እስከ ታች አዩት።

መብራቱ የጠፋው ይኼኔ ነው። አባቴ በጨለማው ውስጥ ሳይደናገጡ «የእኔዋ ተርባይን ዛሬ አልዞረችም» አሉ። ስተረጉምላቸው መምህሩ እስኪያነቡ ሳቁ። በሻማ ብርሃን ማዕዘኑ ላይ የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖች አይተው ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ጠየቁን። የአንገረብ ግድባችን ደለል እየበላው ነው፤ ያድነናል የተባለው የመገጭ ግድብ ደግሞ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኛ ነን። ኬንያ ውስጥ ከአራት ሰው ሦስቱ ያህል መብራት ያገኛል፤ እኛ ዘንድ ግማሹ ቢያገኝ ነው። ሻጩ በሻማ፣ ገዢው በአምፖል ተቀምጠዋል። መምህሩ ይህን እንደ ድል አልቆጠሩትም፤ ናኩሩም ውሃ በወረፋ እንደሆነ ነገሩንና አለፉት።

ከመነሣታቸው በፊት ያንኑ ጥያቄያቸውን ለአባቴ አቀረቡ። ስንት ፈጀ?

እኔ ልመልስላቸው አፌን ስከፍት አባቴ ቀደሙኝ። ሲጀመር 80 ቢሊዮን ብር ይፈጃል መባሉን፣ ኋላ ቁጥሩ ከአንዱ መግለጫ ወደ ሌላው እየተለወጠ ማደጉን ልናገር ነበር።

«ከእኔ የአንድ ወር ደመወዝ» አሉ አባቴ። «በ12 ወር ተከፋፍሎ ተቆረጠ። ሌላውን የሚያውቅ ያውቃል።»

ኬንያዊው ይህን በማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

ስለ ጥቅል የአገር ውስጥ ምርትም ተከራክረናል፤ ለወጉ ያህል። ኢትዮጵያ በ2009 ዓ.ም. ገደማ ኬንያን አልፋ ከምሥራቅ አፍሪካ ቀዳሚ ሆነች ተብሎ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የእኛ ምርት በዶላር ሲቆጠር አነሰና ኬንያ እንደገና ቀደመች። በእነዚያ ሳምንታት አንድም ፋብሪካ ወደ ናይሮቢ አልተሰደደም፤ የሁመራ ሰሊጥም ያው ሰሊጥ ነው። እኔ በዚህ ደረጃ ከማይደሰቱትም ከማያዝኑትም ወገን ነኝ። ይልቅ የሚቆጨኝ ሌላ ቁጥር ነው፦ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ቀርተን በዓለም ገበያ የዕዳ ጉዳይ ስማችን ተነሣ። ኬንያ በዚያው ዓመት ከበድ ያለ ወለድ ተሸክማ አዲስ ተበድራ አሮጌውን ከፍላ አመለጠች። መምህሩ ይህንንም እስከ ወለዱ መጠን ያውቁታል። «ያመለጥነው ወደ ነገ ነው» አሉ።

በመጨረሻው ቀን፣ አዘዞ ወዳለው አውሮፕላን ማረፊያ ከመውረዳችን በፊት፣ ፒያሳ ዳር አንዲት ቡና የምታፈላ ሴት ዘንድ ተቀመጥን። ዕጣን ጨሷል፣ ሣር ተጎዝጉዟል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል። መምህሩ የኬንያ ቡና በዓለም ገበያ ያለውን ክብር ሊነግሩኝ ጀመሩ፤ የመጀመሪያውን ስኒ ሲቀምሱ ግን ተውት። ኬንያውያን ቡናቸውን ሸጠው ሻይ እንደሚጠጡ አመኑልኝ። እኛ ከምናመርተው ግማሽ ያህሉን ራሳችን እንደምንጠጣ ስነግራቸው «ለዚህ ነዋ ዶላር የሚያጥራችሁ» አሉ፤ ስኒያቸውን ግን ለሁለተኛ ጊዜ ዘረጉ።

በረካው ተጠጥቶ ሲያበቃ ቦርሳቸውን አወጡ። ወደ ባለ ቡናዋ ዞረው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያጠኗት የቆዩትን አማርኛ «ስንት ነው?» አሉ።

ሴትዮዋ እኔን አየችኝ። እኔ በዓይኔ እንዳትነግሪያቸው ብዬ ምልክት ሰጠኋት። «እንግዳ ዋጋ አይጠይቅም፤ ይንገሯቸው» አለችኝና ሲኒዎቹን መሰብሰብ ጀመረች።

ተረጎምኩላቸው። መምህሩ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ።

«እዚህም?» አሉ።

ብሩን ከረከቦቱ ሥር ሸጉጬ ተነሣን።